ነዳጅ በቦቴ፣ በቧንቧ ወይስ በባቡር? ከጅቡቲ መስመር ጋር ለምንኖር ሰዎች የተዘጋጀ ንጽጽር

አዳማ ላደገ ሰው ቦቴ ብርቅ አይደለም። ማታ ከአዋሽ በኩል የሚገቡትን ተሳቢዎች በድምፃቸው እንለያለን። አጎቴ በጅቡቲ መስመር ከሃያ ዓመት በላይ ነድቷል። እኔም የተማርኩት እሱ ናፍጣ እያመላለሰ ባገኘው ገንዘብ ነው።

የነዳጅ ቧንቧ ወሬ በተነሳ ቁጥር ታዲያ ቤታችን ለሦስት ይከፈላል። አጎቴን የሾፌሩና የረዳቱ እንጀራ ያሳስበዋል። የአክስቴ ልጅ ባጃጅ ይነዳል፤ በፈለገው ይምጣ፣ ብቻ ቤንዚን ለመቅዳት ግማሽ ቀን አልሰለፍ ይላል። ፈንታሌ በኩል ከብት የሚያረቡት ዘመዶቻችን ደግሞ የግጦሹንና የውኃውን ነገር ያነሳሉ። ሦስቱንም ሳዳምጥ ኖሬያለሁ። አንዳቸውንም "ተሳስተሃል" ማለት አልቻልኩም።

ይህን ንጽጽር የጻፍኩት እንደነሱ ግራ ለተጋባ ሰው ነው። ምናልባት የምክር ቤት አባል ነህ፣ ድምፅ ትሰጣለህ። ምናልባት ቦቴ ለመግዛት ገንዘብ እያጠራቀምክ ነው። ወይም አንድ ቀን መሐንዲሶች መጥተው ማሳችሁ ላይ ቀይ ችካል ይተክሉ ይሆናል።

መመዘኛው ይቅደም

ይህ ክርክር የሚበላሸው ገና ሲጀመር ነው። አንዱ "ልማት" ይላል፣ ሌላው "ተፈጥሮ" ይላል፣ ሳይገናኙ ይመሻል። እኔ አራት ጥያቄ ይዤ ነው ሁሉንም የማየው።

የመጀመሪያው ገንዘብ ነው። አንድ ሊትር እዚህ ለመድረስ ስንት ይፈጃል? ከዚያ ውስጥ የውጭ ምንዛሪው ስንት ነው? ሁለተኛው አደጋ ነው። ነገር ሲበላሽ የሚጎዳው ማን ነው? ጉዳቱስ እስከ የት ይሄዳል? ሦስተኛው ፍትሕ ነው። መሬቱ የማን ነው፣ ባለቤቱስ ተጠይቋል ወይ? አራተኛው ጊዜ ነው። ምርጫው ስንት ዓመት ያስረናል? ሐሳባችንን ብንቀይር መመለስ እንችላለን?

አራተኛውን ጥያቄ የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው። ለእኔ ግን ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። ምክንያቱ ቧንቧው ጋ ስንደርስ ይታያል።

ቦቴ፦ አሁን ያለንበት

የአሰብ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1997 ከተዘጋ ወዲህ አገራችን የምትገዛው የተጣራ ነዳጅ ነው። አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ ይገባና በቦቴ ይጫናል። መኪናው በጋላፊ፣ በሚሌና በአዋሽ አድርጎ እኛ ጋ ይደርሳል።

የቦቴ ትልቁ ጥቅሙ መተጣጠፉ ነው። አንዱ መንገድ ሲዘጋ በሌላው ይሄዳል። ነገ በርበራ ወይም ሌላ ወደብ ቢያዋጣ ያው መኪና እዚያም ይሠራል። ገቢውም ይበታተናል። ሾፌሩ፣ ረዳቱ፣ ጎሚስታው፣ ጋራዡ፣ ገዋኔ ላይ ምግብ የምትሸጠው እናት ሁሉ ከዚያ መኪና ይበላሉ። አዳማ ራሷ ከዚህ መንገድ ብዙ ያገኘች ከተማ ናት።

ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። ተሳቢ ያለው ቦቴ ከ40 እስከ 50 ሺህ ሊትር ይጭናል። ደርሶ መልሱ ከ1,600 ኪሎ ሜትር አያንስም። በ100 ኪሎ ሜትር 50 ሊትር ይጠጣል ብለን ብናስብ ከጫነው ወደ 2 ከመቶ የሚጠጋ ነዳጅ መንገድ ላይ ያልቃል ማለት ነው። ይህ የእኔ ግምታዊ ስሌት ነው፤ ሾፌሮች ከፍና ዝቅ ሊያደርጉት ይችላሉ። ጎማውና መለዋወጫው ደግሞ በዶላር ነው የሚገባው።

ከዚያም ሰው አለ። አጎቴ የጓደኞቹን ስም እየጠራ የሚቆጥርባቸው ጠመዝማዛዎች አሉ። የቦቴ አደጋ ትንሽ ይመስላል፣ ግን ይደጋገማል። አንዳንዴም ትንሽ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ናይጄሪያ፣ ጂጋዋ ግዛት ውስጥ አንድ ቦቴ ተገልብጦ ከ150 ሰው በላይ ሞቷል። ብዙዎቹ የፈሰሰውን ቤንዚን ሊቀዱ የተሰበሰቡ ነበሩ። እባካችሁ፣ ቦቴ ሲገለበጥ ካያችሁ ጀሪካን ይዛችሁ አትሩጡ። ልጆቻችሁንም አስጠንቅቁ።

ቧንቧ፦ ብዙ ተስፋ፣ ብዙ ጥያቄ

መስከረም 2008 ዓ.ም. ላይ ኢትዮጵያና ጅቡቲ አንድ ትልቅ ስምምነት ፈርመው ነበር። ከጅቡቲዋ ዳመርጆግ እስከ አዋሽ 550 ኪሎ ሜትር ቧንቧ ሊዘረጋ ታሰበ። ወጪው 1.55 ቢሊዮን ዶላር፣ ስፋቱ 20 ኢንች፣ አቅሙ በቀን 240 ሺህ በርሜል ተባለ። ናፍጣውም፣ ቤንዚኑም፣ የአውሮፕላን ነዳጁም ተራ በተራ በአንዱ ቧንቧ ይመጣሉ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ይጠናቀቃል የተባለው ቧንቧ ሳይዘረጋ ቀረ። ሐሳቡ ግን ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም።

ጥቅሙን ከልብ እንየው። አንድ በርሜል 159 ሊትር ነው። በቀን 240 ሺህ በርሜል ማለት ወደ 38 ሚሊዮን ሊትር፣ ማለትም ከ800 በላይ ቦቴ ማለት ነው። ያን ያህል መኪና ከመንገድ ቢወርድ ስንት ሕይወት ይተርፋል? ጭሱ ይቀንሳል። አስፋልቱም ዕድሜው ይረዝማል። በመንገድ ላይ የሚቀዳና በኮንትሮባንድ የሚወጣ ነዳጅም ይቀንሳል።

ወደብ የሌለው አገር በቧንቧ እንደዳነም ታሪክ ያሳያል። ዛምቢያ እ.ኤ.አ. በ1965 የሮዴዥያ (የዛሬዋ ዚምባብዌ) መንገድ ሲበላሽባት ነዳጅ በአውሮፕላን ሳይቀር ታስገባ ነበር። በ1968 ከዳሬሰላም እስከ ንዶላ 1,710 ኪሎ ሜትር ቧንቧ ተዘረጋላት። ቧንቧው ዛሬም ይሠራል። ጎረቤታችን ኬንያም ከ1978 ጀምሮ ከሞምባሳ እስከ ናይሮቢ ነዳጅ የምታስተላልፈው በቧንቧ ነው።

ችግሩን ደግሞ እንየው። መጀመሪያ ገንዘቡን። 1.55 ቢሊዮኑን በ20 ዓመት ብናካፍለው፣ ወለዱንና ማስኬጃውን ትተን፣ ቧንቧው ሞልቶ ከሠራ በሊትር የአሜሪካ ግማሽ ሳንቲም ገደማ ይመጣል። በጣም ርካሽ ነው። በሲሶ አቅሙ ብቻ ከሠራ ግን ሦስት እጥፍ ይሆናል። አበዳሪው ደግሞ "ብትጠቀሙም ባትጠቀሙም ክፈሉ" የሚል ውል መጠየቁ የተለመደ ነው። 240 ሺህ በርሜል በጊዜው አገሪቱ በቀን ከምታስገባው በብዙ የሚበልጥ ነበር። ቧንቧ የሚያዋጣው ፍጆታው ለብዙ አሥርት ዓመታት እያደገ ከሄደ ብቻ ነው።

ሌላም አለ። ቧንቧ ሥራ የሚጀምረው መጀመሪያ ሲሞላ ነው። 20 ኢንች ቧንቧ 550 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ከ100 ሚሊዮን ሊትር በላይ ይይዛል። ያ ሁሉ በዶላር ተገዝቶ ውስጡ የሚቀመጥ ነዳጅ ነው። በየኪሎ ሜትሩ ሲታይ ደግሞ ከ190 ሺህ ሊትር አያንስም፤ አራት ቦቴ ማለት ነው። የመዝጊያ ቫልቮቹ በ20 ኪሎ ሜትር ከተራራቁ በሁለቱ መካከል ያለው 80 ቦቴ ገደማ ነው። ስለዚህ "ቧንቧ ከመኪና ይልቅ ደህና ነው" ሲባል ግማሹ እውነት ነው። አደጋው ይቀንሳል፣ ሲመጣ ግን ይገዝፋል።

ኬንያ ይህን አይታለች። እ.ኤ.አ. መስከረም 12 ቀን 2011 ናይሮቢ፣ ሲናይ የተባለ የድሆች ሰፈር ውስጥ ከቧንቧ የፈሰሰ ነዳጅ ተቀጣጥሎ 100 ያህል ሰው ገድሏል። በ2015 ደግሞ ማኩዌኒ ውስጥ የታንጌ ወንዝ ሰዎች ውኃቸው ነዳጅ ነዳጅ መሽተት ጀመረባቸው። ያረጀው ቧንቧ አፍስሶ ነበር። እሳት የለም፣ ፍንዳታ የለም። ወንዙ ግን ተበከለ፣ አትክልቱ ሞተ፣ ካሳውም ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ዓመታት ፈጀ። ናይጄሪያ፣ ጄሲ ላይ በ1998 ከ1,000 ሰው በላይ የሞተውም ቧንቧ አጠገብ ነው። ቧንቧ በድሃ ሰፈር ሲያልፍ አደጋው የብረቱ ብቻ አይደለም፤ ችግረኛ ሰው ነዳጅ ሲያይ ይጠጋል።

አሁን ወደኛ መሬት እንምጣ። የታሰበው መስመር የሚያልቀው አዋሽ ነው። በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ የሆነውን እናስታውስ። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት መሬቱ አላረፈም። አንዱ ርዕደ መሬት 5.8፣ ሌላው 6 ደርሷል። መሬት ተሰነጠቀ፣ ቤት ፈረሰ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ወጣ። እኛም አዳማ ውስጥ ሌሊት አልጋችን ሲነቃነቅ "እማማ ፈንታሌ ነቃች" እያልን ነው ያደርነው። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2005 አፋር ውስጥ ዳባሁ ላይ በ60 ኪሎ ሜትር ርዝመት መሬት ተከፍቶ፣ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተራርቋል። በሰቃ ሐይቅን ደግሞ መተሐራ የሚያልፍ ሁሉ ያውቀዋል። እየሰፋ መጥቶ አስፋልቱንና የድሮውን ሐዲድ አጥለቅልቋል። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ብረት መቅበር አይቻልም አልልም፤ መሐንዲሶች መላ አላቸው። ግን ዋጋው ይጨምራል። እዚህ የሚነሳው ጥያቄ "ይሰበራል ወይ" ብቻ አይደለም። "ሲሰበር በስንት ደቂቃ ይታወቃል፣ ማን ይዘጋዋል" የሚለውም ነው።

ፍትሑ ላይ ደግሞ ሁለት አገር ልጥቀስ። ቻድ እ.ኤ.አ. በ2003 ከዶባ ካሜሩን ውስጥ እስካለችው ክሪቢ 1,070 ኪሎ ሜትር የድፍድፍ ዘይት ቧንቧ ተሠራላት። የዓለም ባንክ ሲረዳ ገቢው ለትምህርትና ለጤና እንዲውል፣ ለወደፊት ትውልድም ፈንድ እንዲቀመጥ በሕግ ታስሮ ነበር። በ2006 መንግሥት ሕጉን ቀየረው። በ2008 ባንኩ ከፕሮጀክቱ ወጣ። ቧንቧው ግን ቀጠለ። ቧንቧ አንዴ ከተቀበረ በኋላ ቃል ቢታጠፍ የሚያስገድድ ነገር የለም።

ሁለተኛው ከኡጋንዳ እስከ ታንጋ ወደብ እየተዘረጋ ያለው 1,443 ኪሎ ሜትር ቧንቧ ነው። የሚጓዘው ድፍድፍ ዘይት ስለሚረጋ ቧንቧውን ማሞቅ ያስፈልጋል፤ እኛ የምናስበው የተጣራ ነዳጅ ያ ችግር የለበትም። ትምህርቱ ከመሬቱ ነው። የሰዎቹ ይዞታ ተቆጠረ፣ "ከዛሬ ጀምሮ ቋሚ ተክል አትትከሉ" ተባሉ። ካሳው ግን ለብዙዎቹ ዓመታት ዘገየ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 የአውሮፓ ፓርላማ ሳይቀር ጉዳዩን በውሳኔ አንስቶታል።

በእኛ አገር ሕጉ በወረቀት ጥሩ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 አርብቶ አደር ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት እንዳለው ይናገራል። አንቀጽ 92 ደግሞ ፕሮጀክት የሚነካው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲሰጥ ይላል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ በአዋጅ ቁጥር 299/1995፣ የካሳ ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ተደንግጓል። የፈንታሌ አርብቶ አደሮች ከረዩዎች ግን በስኳር እርሻና በአዋሽ ፓርክ ምክንያት ግጦሻቸው ሲጠብ የኖሩ ሰዎች ናቸው። እነሱ "እንደገና?" ቢሉ ማን ይፈርድባቸዋል?

ባቡር፦ ሐዲዱ ካለ አይቀር

የአዲስ አበባ-ጅቡቲ ባቡር 750 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 መደበኛ ሥራ ጀመረ። በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው። ድሬዳዋን፣ አዋሽንና አዳማን ይነካል። የመሬቱ ካሳና የብድሩ ሸክም ለዚህ ሐዲድ አስቀድሞ ወድቆብናል፤ ሌላ 550 ኪሎ ሜትር መሬት መቁረጥ አይጠይቅም።

የሚቀረው በቂ የነዳጅ ፉርጎ፣ ወደቡ ላይ መጫኛ፣ ዴፖው (የነዳጅ ማከማቻው) ላይ ማራገፊያ ነው። ይህም ገንዘብ ይጠይቃል፣ ግን ደረጃ በደረጃ ሊሠራ ይችላል። ነዳጅ ቢቀንስ ያው ሎኮሞቲቭ ስንዴና ማዳበሪያ ይጎትታል። ቧንቧ ይህን አይችልም።

ባቡርም ከአደጋ ነፃ አይደለም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2013 ካናዳ ውስጥ ላክ-ሜጋንቲክ በምትባል ከተማ፣ ያለ ጠባቂ የቆመ የድፍድፍ ዘይት ባቡር ተንከባሎ መሐል ከተማ ፈንድቶ 47 ሰው ገደለ። ስለዚህ የነዳጅ ፉርጎ ሰው ከሚኖርበት አጠገብ አይቁም። ኃይል ሲቋረጥ ባቡሩ የት እንደሚቆም፣ ማን እንደሚጠብቀው አስቀድሞ ይታወቅ።

አራተኛው አማራጭ፦ ነዳጁን መቀነስ

ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተወስኗል። የአዳማ ሁለቱ የነፋስ ማመንጫዎች ብቻ 204 ሜጋ ዋት አቅም አላቸው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ሕዳሴ ግድብ ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። የራሳችን ኃይል ነው፤ ወደብ አይጠይቅም።

ይህ የጭነት መኪናውንና የእርሻ ትራክተሩን ቶሎ አይተካም። ናፍጣ ለረጅም ጊዜ ያስፈልገናል። የከተማውን ቤንዚን ግን ይቀንሳል። እዚህ ላይ ነው አራተኛው መመዘኛ የሚመጣው። በአንድ እጃችን የኤሌክትሪክ መኪና እያስገባን፣ በሌላው ለሃያና ሠላሳ ዓመት ሞልቶ መሥራት ያለበት ቧንቧ ብንፈርም ሁለቱ ይጋጫሉ። አንዱ ከተሳካ ሌላው ዕዳ ይሆናል።

በአንድ እይታ

| መመዘኛ | ቦቴ | ቧንቧ | ባቡር | ፍጆታ መቀነስ |
|---|---|---|---|---|
| መነሻ ወጪ | ለብዙ ባለንብረት የተከፋፈለ | በጣም ከፍተኛ፣ በአንዴ | መካከለኛ፣ ሐዲዱ አለ | በየቤቱ ከፍተኛ |
| የሊትር ማጓጓዣ | ውድ | ከሞላ ርካሽ፣ ካልሞላ ውድ | መካከለኛ | የለም |
| የአደጋ ጠባይ | ተደጋጋሚ፣ ሾፌሩን የሚጎዳ | ጥቂት፣ ግን ሰፊ | ጥቂት፣ ከተማ ውስጥ ከሆነ ከባድ | ዝቅተኛ |
| መሬትና ውኃ | አዲስ መሬት አይወስድም | ሰፊ መስመር፣ የተደበቀ ፍሳሽ | ዴፖው አካባቢ ብቻ | የባትሪ አወጋገድ |
| ሥራ | ብዙ | ሲዘረጋ ብዙ፣ ካለቀ በኋላ ጥቂት | መካከለኛ | አዲስ ሙያ ይጠይቃል |
| ወደብ መቀየር | ይቻላል | አይቻልም | አይቻልም | አያሳስብም |
| የሚያስረን ጊዜ | አጭር | አሥርት ዓመታት | ትንሽ፣ ሌላ ጭነት ይይዛል | የለም |

ለማን የትኛው?

እኔ ብጠየቅ ለሚቀጥሉት ዓመታት ባቡርን አስቀድማለሁ። ቦቴው ከአዋሽና ከአዳማ ዴፖ ወደ ክልሎች ያድርስ፤ አጭሩን መንገድ ይያዝ። ቧንቧን ለዘላለም አልዘጋውም። ባቡሩ ሞልቶ ነዳጁ ግን አልቀነስ ካለ ያን ጊዜ እንደገና ይታይ።

ለምክር ቤት አባል፦ የቧንቧ ሰነድ እጅህ ከገባ መጀመሪያ ፈልግ የምልህ "ባንጠቀምም እንከፍላለን" የሚለውን አንቀጽ ነው። ከዚያ የመዝጊያ ቫልቮቹን ርቀት፣ ቀጥሎም ቧንቧው ሲያረጅ የሚነቅለው ማን እንደሆነ እይ። ሦስቱ ካልተጻፉ አትፈርም።

ቦቴ ለመግዛት ለሚያስብ፦ ከጅቡቲ አዳማ ብቻ ለሚሠራ ትልቅ ተሳቢ ረጅም ብድር አትግባ። ባቡርም መጣ ቧንቧ፣ መጀመሪያ የሚነካው ያ መስመር ነው። ከዴፖ ወደ ሐዋሳ፣ ወደ ጅማ፣ ወደ ባሌ የሚያደርስ መኪና ግን በየትኛውም አማራጭ ሥራ አያጣም። ለአጎቴም የነገርኩት ይህንኑ ነው፤ ልጁ በዚያ ሐሳብ ተስማምቷል።

ለባጃጅና ለታክሲ ሰው፦ ቧንቧ ቢዘረጋም የማደያው ሰልፍ በአንድ ጊዜ አይጠፋም። ሰልፉ የሚመጣው ከማጓጓዝ ብቻ አይደለም፤ ከዶላር እጥረት፣ ከስርጭትና ከኮንትሮባንድም ነው። መኪና የምትቀይር ከሆነ የኤሌክትሪኩን ሒሳብ ሥራ፤ ሰፈርህ መብራት በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚጠፋ መጀመሪያ መዝግብ።

መስመሩ መሬታቸው ላይ ሊያልፍ ለሚችል ሰዎች፦ ችካል ከመተከሉ በፊት ዛፋችሁን፣ ጉድጓዳችሁን፣ አጥራችሁን በስልክ ፎቶ አንሱ፤ ቀኑ ይታይ። የግጦሽ መሬት የጋራ ስለሆነ "ባለቤት የለውም" እንዳይባል ሽማግሌዎች ወሰኑን በጽሑፍ ያስይዙ። ቆጠራው መቼ እንደሚዘጋ፣ ከዚያ በኋላ ካሳው በስንት ወር እንደሚከፈል በፊርማ ጠይቁ። የጉድጓዳችሁ ውኃ ቁፋሮው ሳይጀመር ይመርመር፣ የውጤቱም ቅጂ እናንተ ጋ ይሁን። ነገ ውኃው ነዳጅ ነዳጅ ቢሸት፣ ቀድሞ ንጹሕ እንደነበር የሚያስረዳላችሁ ያ ወረቀት ነው።